ለቤዝ ጊታር የሚሆኑ የስፒከር ሣጥኖች አመራረጥና አጣማመር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር መነጋገር በተለመደበት መድረክ ላይ ስለ ቤዝ ጊታር ስፒከር መናገር ለአንዳንዱ አድማጭ እንደ መዝናኛ ሊቈጠር ይችላል። ጥያቄው ግን ወደ መሐንዲሱ የሚመጣው መድረክ መርጦ አይደለም። ኤሌክትሪክ የተማረ ሰው ባለበት ሰፈር ሁሉ፣ በሆቴል ወይም በሠርግ የሚጫወት ባንድ አንድ ቀን በሩን ማንኳኳቱ አይቀርም። የሚያነሣውም ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኢንጂነር፣ ያለኝ ሣጥን አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር የያዘ ነው። ወፍራሙ ድምፅ አልበቃ ብሎኛል። ከሥሩ አንድ ባለ 15 ኢንች ልጨምርበት ወይ?»

«ጨምርበት እንጂ» የሚለው መልስ ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል። ባለ ሱቁም ይህንኑ ይላል፤ የባንዱ ጓደኞችም ይህንኑ ይላሉ፤ መሐንዲሱም የኦም ሕግን ጠንቅቆ እያወቀ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ይደግማል። ተጫዋቹ የብዙ ሌሊት ገቢውን አጠራቅሞ ሣጥኑን ይገዛል። ከጥቂት ወራት በኋላም ወይ ባለ 15 ኢንቹ ስፒከር ይቃጠላል፣ ወይ አምፕሊፋየሩ በዝግጅት መካከል ይጠፋል፣ ወይም ደግሞ ምንም ሳይበላሽ ድምፁ ከቀድሞው ያልተሻለ ሆኖ ይገኛል። የሦስተኛው ዕጣ ክፋት ምክንያቱ ለማንም የማይታይ መሆኑ ነው። ሣጥኑ አዲስ ነው፤ መብራቱ ይበራል፤ ድምፅም አለ። የጎደለው ምን እንደ ሆነ ግን የሚነግር የለም።

የስሕተቱ ሥር ያለው በአገር ቤት ልማድ ውስጥ ይመስላል። ከበሮን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ትልቁ ከበሮ ወፍራም፣ ትንሹ ከበሮ ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥ ያውቃል። ስለዚህም የ15 ኢንች ስፒከር ከ10 ኢንቹ ይልቅ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል ብሎ መደምደም ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ስፒከር ከበሮ አይደለም። የከበሮ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተመትቶ፣ በራሱ ስፋትና ውጥረት ልክ የራሱን ድምፅ የሚያሰማ ነው። የስፒከር ኮን ግን የራሱን ድምፅ እንዲያሰማ አይፈለግም፤ በማግኔቱ መካከል ያለው ጥቅል ሽቦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋው የታዘዘውን ብቻ እንዲፈጽም ነው የሚፈለገው። ዝቅተኛ ድግግሞሽን የሚወስነው የኮኑ ስፋት ብቻውን ሳይሆን የኮኑ ክብደት፣ የጠርዙ ልስላሴ፣ የማግኔቱ ብርታትና ከሁሉም በላይ የሣጥኑ መጠንና አሠራር ነው። ወደ 35 ኸርዝ የሚወርድ የ10 ኢንች ስፒከር መሥራት ይቻላል፤ ከ60 ኸርዝ በታች እጅግ የሚዳከም የ15 ኢንች ስፒከርም በገበያ ላይ ሞልቷል።

የመሣሪያው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። የሊዮ ፌንደር ፋብሪካ ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ጊታር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በተከታዩ ዓመት የወጣው ቤዝማን የተባለው አምፕሊፋየር አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ነበረው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ያው ቤዝማን አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ሆኖ ተለወጠ። አምፔግ የተባለው ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ቢ-15 በሚባለው አምፕሊፋየር አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር አድርጎ በስቱዲዮዎች ውስጥ ከፍ ያለ ዝና አገኘ። ስቱዲዮ ማለት ግን ጸጥ ያለ ክፍል ማለት ነው። ሙዚቃው ወደ ስታዲየም በወጣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ይኸው ድርጅት ኤስ-ቪ-ቲ የተባለውን 300 ዋት የቫልቭ አምፕሊፋየር ሲያወጣ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ከያዙ ሁለት ሣጥኖች ጋር አድርጎ ነበር። በዚያው ዓመት የሮሊንግ ስቶንስ ጓድ በአሜሪካ ባደረገው ጉዞ ላይ የመሣሪያው የመጀመሪያ ናሙናዎች ሠርተዋል። ድምፁ ማደግ ሲኖርበት ባለሙያዎቹ የጨመሩት የኮኑን ስፋት ሳይሆን የኮኖቹን ብዛት መሆኑ ሊስተዋል የሚገባው ነው።

ምክንያቱ በጥቂት ቍጥሮች ይገለጻል። የአንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር አየር የሚገፋው የኮን ስፋት ወደ 870 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የአንድ ባለ 10 ኢንች ስፒከር ስፋት 340 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አራቱ ባለ 10 ኢንች በአንድነት 1,360 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ ማለት ነው። «ትንንሾቹ» ከ«ትልቁ» በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣሉ። ቀጥሎ መታየት ያለበት ኮኑ ሳይዛባ ወደ ፊት ሊሄድ የሚችለው ርቀት ነው። የባለ 15 ኢንቹ ጉዞ 5 ሚሊ ሜትር፣ የባለ 10 ኢንቹ 4 ሚሊ ሜትር ነው ተብሎ ቢወሰድ፣ የመጀመሪያው 435 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር ሲገፋ፣ አራቱ ተባብረው 544 ይገፋሉ። በዝቅተኛ ድግግሞሽ የድምፅን ልክ የሚወስነው ይህ የሚገፋው አየር መጠን ነው። ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ባለ ቍጥር የድምፁን ኃይል ሳይቀንሱ ለማቆየት ኮኑ አራት እጥፍ ርቀት መጓዝ አለበት። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ አውታር፣ ኢ የሚባለው፣ በ41 ኸርዝ ይርገበገባል፤ ባለ አምስት አውታሩ ጊታር ደግሞ ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል። ከ41 ወደ 31 መውረድ ብቻውን የኮኑን ጉዞ ወደ 1.8 እጥፍ ያሳድገዋል። አንዳንድ ተጫዋቾች አምስተኛውን አውታር ከጨመሩ በኋላ የቀድሞው ሣጥናቸው «ማንኮራፋት» ጀመረ የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

በሣጥኑ ጀርባ ላይ የሚጻፈው የዋት ቍጥርም በዚህ ረገድ ያሳስታል። ቍጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ጥቅል ሽቦው ሳይቃጠል የሚችለውን ሙቀት ነው እንጂ ኮኑ ሳይዛባ የሚጓዘውን ርቀት አይደለም። 400 ዋት የተጻፈበት ስፒከር በ40 ኸርዝ ገና ግማሹን ሳይቀበል የጉዞው ዳር ላይ ሊደርስ ይችላል። የተቀበለውንም ቢሆን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ ጥቂቱን እጅ ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል። የጥቅል ሽቦው ሙቀት 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር የመዳቡ ተቃውሞ ከግማሽ በላይ ስለሚያድግ፣ ድምፁ በጥቂት ዴሲቤል ይወድቃል። ተጫዋቹ ይህን የሚሰማው ሌሊቱ ሲጋመስ ነው፤ ድምፁ «ደከመ» ይላል፤ ማጉያውን ከፍ ያደርጋል፤ ሽቦው ይብስ ይሞቃል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የታወቀው ባለ ስምንት 10 ኢንች የአምፔግ ሣጥን ዝግ ሣጥን ነው፤ ድምፁ ወደ 58 ኸርዝ ሲደርስ በ3 ዴሲቤል፣ ወደ 40 ኸርዝ ሲደርስ ደግሞ በ10 ዴሲቤል ይዳከማል። ታዲያ ይህ ሣጥን 41 ኸርዝን በቅጡ ካላሰማ እንዴት የቤዝ ሣጥኖች ሁሉ መለኪያ ሆነ? መልሱን በገና ያስረዳል። በገና በድልድዩና በአውታሮቹ መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቍራጮች ይገቡበታል፤ አውታሩ በእነርሱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ያ የታወቀው የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። ያ ንዝረት ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ያበዛል። የሰው ጆሮም የላይኞቹን ተከታዮች ከሰማ መሠረቱን ራሱ አስልቶ ያገኘዋል። ስለዚህ የበገና ድምፅ ሣጥኑ ከሚፈቅደው በላይ ጥልቅ ሆኖ ይሰማል። በቤዝ ጊታርም እንዲሁ ነው። የኢ አውታር ሲመታ ከ41 ኸርዙ ይልቅ 82ና 123 ኸርዙ በርትተው የሚወጡበት ጊዜ ብዙ ነው። በተለይ በችክችካ ምት ውስጥ አድማጩ የሚፈልገው የድምፁን አነሣስ ነው፤ የአነሣሱም ጥራት ያለው በመቶዎች በሚቈጠሩ ኸርዞች ውስጥ ነው እንጂ በ40ው አካባቢ አይደለም። «ወፍራሙ ድምፅ አነሰኝ» የሚል ተጫዋች በእውነት የጎደለው ከ80 እስከ 200 ኸርዝ ያለው ኃይል መሆኑ ደጋግሞ ይታያል።

አሁን ወደ ሒሳቡ መመለስ ይገባል። የጠያቂው አምፕሊፋየር በ4 ኦም 300 ዋት የሚሰጥ፣ ሣጥኑም 8 ኦም ነው ተብሎ ይወሰድ። 300 ዋት በ4 ኦም ማለት 35 ቮልት ገደማ ማለት ነው። በዚህ ቮልቴጅ አንዱ ባለ 8 ኦም ሣጥን ብቻውን 150 ዋት ያህል ይወስዳል። ሁለተኛ ባለ 8 ኦም ሣጥን በትይዩ ሲቀጠል ጭነቱ 4 ኦም ይሆናል፤ አምፕሊፋየሩ 300 ዋቱን ያወጣል፤ እያንዳንዱም ሣጥን 150 ይደርሰዋል። እስከዚህ ሁሉ ነገር ደኅና ነው። የተገዛው ሁለተኛ ሣጥን ግን 4 ኦም ቢሆን የጭነቱ ድምር 2.67 ኦም ይሆናል። አምፕሊፋየሩ 450 ዋትና 13 አምፔር ይጠየቃል፤ የተሠራው ግን ለ8.7 አምፔር ነው። ጥሩ መከላከያ ያለው ራሱን ያጠፋል፤ የሌለው የውፅኣት ትራንዚስተሮቹን ያቃጥላል። ኃይሉም ቢሆን እኩል አይከፋፈልም፤ ባለ 4 ኦሙ የባለ 8 ኦሙን እጥፍ ይወስዳል።

በቫልቭ የሚሠራው አምፕሊፋየር ሕጉ የተለየ ነው። የውፅኣት ትራንስፎርመር ስላለው ከጭነቱ ጋር መመሳሰል ይፈልጋል፤ ትራንዚስተሩ አጭር ዙርን እንደሚፈራ ሁሉ ቫልቩ ደግሞ ያለ ጭነት መሥራትን ይፈራል። ስፒከሩ ተነቅሎ ሳለ አውታር ቢመታ በትራንስፎርመሩ ላይ የሚነሣው ቮልቴጅ መከለያውን ሊበሳው ይችላል።

ባለ 15 ኢንቹም 8 ኦም ነው ቢባል ችግሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ሁለቱ ሣጥኖች 150 ዋት፣ 150 ዋት ይካፈላሉ። በአንደኛው ሣጥን ውስጥ 150 ዋቱ ለአራት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ስፒከር 37.5 ዋት ይደርሰዋል። በሁለተኛው ሣጥን ግን ያው 150 ዋት በአንድ ጥቅል ሽቦ ላይ ያርፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ባለ 15 ኢንቹ በጥረቱ ዳር ላይ ሲደርስ አራቱ ገና አልተነቃነቁም፤ ባለ አራቱ ሣጥን በአንድ ዓይነት ኃይል ብዙ ጊዜ 3 ዴሲቤል ያህል ስለሚበልጥ ተጫዋቹ የሚሰማው እርሱን ነው። ስለዚህም ደካማው ሲጨነቅ አይሰማም፤ ማጉያው ከፍ ይላል። የጠቅላላው መሣሪያ ወሰን የደካማው ሣጥን ወሰን ይሆናል። በአንድ ቀንበር ጎበዝ በሬና ወይፈን የጠመደ ገበሬ እርሻው የሚሄደው በወይፈኑ አቅም መሆኑን ያውቃል።

ከዚህም የረቀቀው ጕዳት የፌዝ ጕዳት ነው። ፌዝ ሲባል እዚህ የሁለት ሞገዶች የመነሻ ጊዜ ልዩነት ማለት ነው። ሁለት እኩል ኃይል ያላቸው ሞገዶች በአንድ ጊዜ ከተነሡ ድምራቸው 6 ዴሲቤል ያድጋል። በ90 ዲግሪ ከተለያዩ ዕድገቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ120 ዲግሪ ከተለያዩ ዕድገቱ ዜሮ ነው፤ ሁለተኛው ሣጥን በዚያ ድግግሞሽ ላይ እንዳልተገዛ ይቈጠራል። ከዚያ ካለፈ ደግሞ የገዙት ሣጥን የነበረውን መቀነስ ይጀምራል። ታዲያ ሁለት የተለያዩ ሣጥኖች ፌዛቸው ለምን ይለያያል? መተንፈሻ ቀዳዳ ያለው ሣጥን በቀዳዳው ርዝመትና በሣጥኑ መጠን የሚወሰን የራሱ ድግግሞሽ አለው። ከዚያ ድግግሞሽ በላይ ቀዳዳውና ኮኑ ይረዳዳሉ፤ ከዚያ በታች አንዱ ሲያወጣ ሌላው ያስገባል። ባለ አራቱ ሣጥን ለ55 ኸርዝ፣ ባለ 15 ኢንቹ ለ40 ኸርዝ የተሠሩ ቢሆኑ፣ በ40ና በ55 መካከል አንዱ ከተራራው ማዶ፣ ሌላው ከተራራው ወዲህ ሆነው ይጫወታሉ። ተጫዋቹ ባለ 15 ኢንቹን የገዛው በተለይ ለዚህ ክልል መሆኑ ነው ነገሩን የሚያሳዝነው። አንደኛው ዝግ፣ ሌላው ባለ መተንፈሻ ከሆነም የፌዙ ልዩነት ከዚህ አይሻልም፤ ዝግ ሣጥን ከወሰኑ በታች በአንድ ኦክታቭ 12 ዴሲቤል ሲወድቅ ባለ መተንፈሻው 24 ይወድቃል፤ የመውደቂያው ፍጥነት በተለየ ቍጥር ፌዙም ይለያል።

ይህ ሁሉ በግምት የሚነገር አይደለም። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ከእርሱም በኋላ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የስፒከርንና የሣጥንን ግንኙነት እንደ ኤሌክትሪክ ማጣሪያ ዑደት አድርገው በቀመር አስቀምጠውታል። ከእነርሱ ወዲህ የሣጥን ሥራ የአናጢ ሳይሆን የመሐንዲስ ሥራ ሆኗል ማለት ይቻላል። ይሁንና ዛሬም ቢሆን አብዛኛው የቤዝ ሣጥን የሚገዛው በኢንችና በዋት እየተቈጠረ ነው። ልብስ በሜትር ብቻ ተገዝቶ ማን እንደሚለብሰው እንደማይጠየቅ ያለ ነገር ነው።

እንግዲህ ለጠያቂው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ሁለተኛው ሣጥን ከመጀመሪያው ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት ይሁን። ያው ሠሪ፣ ያው ሞዴል፣ ያው ኦም። በዚህ ጊዜ ኃይሉ በእኩል ይከፋፈላል፤ ፌዙ አንድ ነው፤ በዝቅተኛ ድግግሞሽ 6 ዴሲቤል ይገኛል። ከዚህ ውስጥ 3ቱ ከአምፕሊፋየሩ ተጨማሪ ኃይል፣ 3ቱ ደግሞ ሁለቱ ሣጥኖች አየሩን በኅብረት ከመግፋታቸው የሚመጡ ናቸው። ለንጽጽር ያህል፣ ሣጥኑን ሳይለውጡ የ300 ዋቱን አምፕሊፋየር በ600 ዋት መተካት የሚያስገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። የሰው ጆሮ ድምፅ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ከአዲስ አምፕሊፋየር ይልቅ ሁለተኛ ተመሳሳይ ሣጥን የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው።

አቀማመጡም ቢሆን ዋጋ አለው። ሁለቱ ሣጥኖች አንዱ በሌላው ላይ መቆለል አለባቸው እንጂ ጎን ለጎን መቀመጥ የለባቸውም። ጎን ለጎን ሲሆኑ የላይኞቹ ተከታይ ድምፆች በአዳራሹ ግራና ቀኝ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ በመካከል የቆመው ሁሉን ሲሰማ በዳር ያለው ጭቃ ድምፅ ይሰማል። በቁመት ሲቆለሉ ስፋቱ ይጠበቃል፤ ላይኛውም ሣጥን ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ይቀርባል። በቁርጭምጭሚቱ ሣጥን ያስቀመጠ ተጫዋች ራሱን ሳይሰማ ሌላውን ሰው ማደንቈሩ የታወቀ ነው። ከበስተኋላ ያለው ግድግዳም አይረሳ። ሣጥኑ ከግድግዳው 1 ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ በ86 ኸርዝ አካባቢ ከፊተኛው ጋር ተቃርኖ ያጠፋዋል። ይህ ድግግሞሽ በቤዝ ጊታር ዋና ክልል መካከል ነው። ሣጥኑ ወደ ግድግዳው ቢጠጋ ግን ያ ጉድጓድ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ዝቅተኛው ድምፅም ይበረታል። ለዚህ ደግሞ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

በአዲስ አበባና እንደ እርስዋ ባሉ ደጋ ከተሞች ለሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የውጭ አገር ካታሎጎች አይጽፉትም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የአየሩም እፍግታ በዚያው ልክ ይሳሳል። ኮኑ ያንኑ ያህል ቢጓዝም የሚገፋው አየር ቀላል ስለ ሆነ ድምፁ 2 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በዝግ ሣጥን ውስጥ የታመቀው አየር እንደ ምንጭ ሽቦ ሆኖ ኮኑን ይደግፋል፤ ደጋ ላይ ግን ይህ ምንጭ ይላላል፤ ኮኑም በቀላሉ ወደ ጉዞው ዳር ይደርሳል። የሳሳው አየር ጥቅል ሽቦውንና አምፕሊፋየሩን የሚያቀዘቅዘውም በዚያው ልክ አንሶ ነው። የመተንፈሻው ድግግሞሽ ግን በድምፅ ፍጥነት ላይ ስለሚመረኮዝና የድምፅ ፍጥነትም ከሙቀት እንጂ ከግፊት ጋር ስለማይለወጥ ባለበት ይቆያል። በሌላ አነጋገር፣ በቆላ ወደብ የተመሰገነ ሣጥን ደጋ ላይ ሲወጣ ጥቂት ይደክማል፤ አንድ ሣጥን በካታሎግ ልክ «ይበቃል» ከተባለ ለአዲስ አበባ በጭንቅ ይበቃል ማለት ነው። ሁለተኛ ሣጥን መጨመር እንደ ቅንጦት የማይታየው አንድም ከዚህ የተነሣ ነው።

የመብራቱንም ነገር ማንሣት ግድ ነው። በተለምዶ ትራንስፎርመር የሚሠራ አምፕሊፋየር 220 ቮልት ጠብቆ 190 ሲያገኝ የውፅኣት ቮልቴጁ በዚያው መጠን ይወርዳል፤ ኃይሉ ደግሞ በካሬው ስለሚወርድ ከመቶ 25 እጅ ገደማ ይጠፋል። ተጫዋቹ ይህን ሳያውቅ ማጉያውን ሲያሳድግ ሞገዱ ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ ለጥቅል ሽቦ ከንጹሑ ይልቅ ብዙ ሙቀት ያወርዳል። የኃይል አቅርቦታቸው የተስተካከለ አዳዲሶቹ ክላስ ዲ የሚባሉት አምፕሊፋየሮች ይህን በመጠኑ ይቋቋማሉ፤ ክብደታቸውም ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ከ4 ኦም በታች አይፈቅዱም፤ ቀላልነታቸው ያታለለው ሰው ሦስተኛ ሣጥን ሲቀጥልባቸው ሊታይ ይችላል።

ስለ ክብደት ከተነሣ፣ ባለ ስምንት 10 ኢንቹ ሣጥን ከ60 ኪሎ ግራም በላይ ነው። የሆቴል ደረጃ ላይ ሁለት ሰው ይዞት የወጣ ሣጥን ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ይዞት የሚወርድ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሁለት ተመሳሳይ ባለ ሁለት 12 ኢንች ወይም ባለ ሁለት 10 ኢንች ሣጥን ያለው ተጫዋች ግን ለትንሽ ግብዣ አንዱን፣ ለትልቅ አዳራሽ ሁለቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቀላሉ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከመጣ ወዲህ እያንዳንዱን በአንድ እጅ ማንሣት የሚቻልበት ጊዜ ደርሷል።

ልዩ ልዩ ሣጥኖችን ማጣመር በጭራሽ አይገባም ማለት ግን አይደለም። ድምፁ በኤሌክትሮኒክ ማጣሪያ ለሁለት ተከፍሎ፣ ለምሳሌ ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ለባለ 15 ወይም ለባለ 18 ኢንች ሣጥን፣ ከዚያ በላይ ያለው ለባለ 10 ኢንቾቹ፣ እያንዳንዱም በየራሱ አምፕሊፋየር ከተነዳ፣ ሁለቱ ሣጥኖች በአንድ ክልል ስለማይጋጩ የፌዙ ችግር ወደ መለያያው ነጥብ አካባቢ ብቻ ይወሰናል። ይህ መሣሪያው እንዲበዛ፣ አስተካካዩም የሚያውቅ እንዲሆን ይጠይቃል። ሠሪው ራሱ አብረው እንዲሠሩ አስቦ የነደፋቸውም ሣጥኖች አሉ። ሌላው ልዩ ነገር የጣዕም ጉዳይ ነው፤ አንድ ተጫዋች ሁለት የማይመሳሰሉ ሣጥኖችን በሚጫወትበት አዳራሽ አብሮ ሰምቶ ከወደዳቸው መሐንዲስ በቀመር ሊከራከረው አይገባም። ያልሰማውን እንዲገዛ ግን ሊመክረው አይችልም።

ጠያቂው ምናልባት «የእኔ ሣጥን ሞዴሉ ቀርቷል፤ ወንድሙ አይገኝም» ይል ይሆናል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። በዚህ ጊዜ የሚሻለው የቀድሞውን ሸጦ ሁለት ተመሳሳይ መግዛት ነው። ይህ ካልተቻለ ቢያንስ የስፒከሩ ስፋትና ብዛት፣ ኦሙ፣ የሣጥኑ ዝግ ወይም ባለ መተንፈሻ መሆን አንድ ይሁን።

ከመገናኘታቸው በፊት የሚደረገው ፍተሻ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በተራ መልቲሜትር ሲለካ ባለ 8 ኦም ሣጥን 6 ኦም አካባቢ፣ ባለ 4 ኦም ሣጥን 3 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ የሚለካው የሽቦው ቀጥተኛ ተቃውሞ ስለ ሆነ ከተጻፈው ዝቅ ማለቱ ጥፋት አይደለም። ባለ አራት ስፒከሩ ሣጥን ከሚጠበቀው የራቀ ቍጥር ካሳየ ከውስጥ አንዱ ስፒከር መቃጠሉን ወይም በጥገና ጊዜ በሌላ ዓይነት መተካቱን መጠርጠር ይገባል። ቀጥሎ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለአንድ አፍታ በስፒከሩ መስመር ላይ ይነካል፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ከመስመሩ ፖዘቲቭ ጋር ሲገናኝ የሁለቱም ሣጥኖች ኮኖች ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ በአንድ ጥገና ቤት ሽቦው ተገልብጦ ተበይዷል ማለት ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሣጥኖችም ቢሆኑ እንዲህ ሆነው ሲገናኙ ወፍራሙን ድምፅ ይበላሉ። ማገናኛው ገመድ ደግሞ ወፈር ያለ ባለ ሁለት ሽቦ የስፒከር ገመድ ይሁን፤ የጊታሩ ገመድ መልኩ ቢመሳሰልም 8 አምፔር ሊሸከም የተሠራ አይደለም።

የተለካው ኦምና የስፒከሩ ሞዴል በሣጥኑ ጀርባ በዘይት ቀለም ቢጻፍ፣ ሣጥኑ እጅ ሲለውጥ ቀጥሎ የሚገዛው ሙዚቀኛ ያንኑ ፍተሻ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልገውም።